የሰፊው ልብ

እንቅልፍ በዓይኗ አልዞር ብሏል። ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ ያደረች ሰው ጭንቅላቷ ትራስ ሲነካ ድርግም ማለት ነበረባት፤ እሷ ግን መጋረጃውን ጋርዳ፣ ስልኩን ደረቷ ላይ አስተኝታ፣ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ከላይ ያለው ጎረቤት በሚያጓራው ማሽን ምንጣፉን ይጠርጋል፣ ወዲያ ይሄዳል፣ ወዲህ ይመለሳል፣ ሰውዬው ምን ያህል ቢቆሽሽበት ነው። በዚህ ሰዓት አባቷ አገር ቤት በጀርባው ተንጋሎ፣ ደረቱ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ልቡ ውስጥ ሽቦ እየገባለት ነው። የእሷም ሥራ ይኸው ነው፤ በሰው አገር፣ የሰው አባትና የሰው እናት ልብ ውስጥ ሽቦ ሲገባ ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጣ ስክሪን የምታነብ ቴክኒሻን ናት። የስንቱ አባት በፊቷ አልፎ፣ የራሷ አባት ተራ ሲደርስ እሷ አልጋ ላይ ተጋድማለች። ጉድ እኮ ነው! አለመታደል ልትለው ትልና ደግሞ አፏ እሺ አይላትም፤ ምክንያቱም ከፍርሃቱ ሥር፣ ከጸጸቱም ሥር፣ ዛሬ ጠዋት ኩራት ኩራት የሚላት ነገር አለ። ለማን ትናገረዋለች? ለጣሪያው ካልሆነ።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ሰፈሩ ስሙን ከረሳው ቆይቷል፤ «ሰፊው» ነው የሚባለው፣ እናቷ እንኳ ስትቆጣ «ስማ አንተ ሰፊው!» ትለዋለች። ካፖርት ነው ሙያው። ጨርቁን በጣቱ መሃል አሸት አድርጎ ስንት ክረምት እንደሚችል ይናገራል፤ ገበሩን ከላይኛው ጨርቅ ጋር ሲያያይዝ መርፌው ከውስጥ ይገባል እንጂ ከውጭ አይታይም፣ ከውጭ የታየችን መርፌ ደግሞ ደንበኛው ባያያትም እሱ ፈትቶ እንደገና ይሰፋታል። ትናንት ነው እንዴ እግሩ ሥር ተቀምጣ ቁራጭ ስትለቅም የነበረው? የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ያ ምቱ፣ ታ ታ ታ ታ፣ አንድ ቀን ተሳስቶ የማያውቅ። ባለፈው ዓመት ግን እናቷ በስልክ «መኪናው እየቆመ ይሄዳል» አለቻት፤ እሱ ዘይቱ ነው አለ፣ ከዚያ ቀበቶው ነው አለ፣ ከዚያ የመብራቱ ነገር ነው አለ፣ መኪናው በእግር የሚረገጥ መሆኑን ረስቶት። እግሩ አብጦ ጫማው እምቢ ብሏል፣ ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ቆሞ ግድግዳውን የሚመረምር ያስመስላል። የእግሩንና የደረጃውን ነገር የነገራት ታናሽ ወንድሟ ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እሷም ከዚህ ሆና ሐኪም ቤት ውሰደው፣ የልቡን ፎቶ አስነሳው፣ ዛሬ ነገ አትበል ብላ ጮኸችበት። ወሰደው።

ከሁለት ቀን በኋላ ከሥራ ወጥታ አውቶቡስ ስትጠብቅ ደወለች። ዝናብ ይዘንባል፣ መጠለያው ሥር ሰዎች እርስ በርስ ላለመነካካት እንደ ዕቃ ተደርድረዋል፣ እሷ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ጓንቷን ታወልቃለች።

«እሺ አባባ፣ ሐኪሙ ምን አለህ?»

«አመሰገነኝ።»

«ምን ብሎ?»

«ፎቶውን አየት አደረገና ‹አባቴ፣ ልብዎ በጣም ሰፍቷል› አለኝ። እኔም ‹ልጄ፣ ድሮም ልበ ሰፊ ነኝ፤ ባልሰፋማ ከደንበኛ ጋር ዕድሜ ልኬን እንዴት እኖር ነበር?› አልኩት። ሳቀ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ያሳደገው ይባረክ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ስለ ባትሪ ምናምን ማውራት ሲጀምር፣ ይሄ መቼም ለታመመ ሰው ነው ብዬ አመስግኜው ወጣሁ።»

ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ የሐኪሙ ቃል ገባት። አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፍቶ ዘግቶ ሄደ፣ እሷ እዚያው ቆማለች። በዚህ አገር ቋንቋ የሰፋ ልብ በሽታ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም፤ በየቀኑ ከስክሪን ላይ ታነበዋለች፣ ስፋቱ ይለካል፣ ይመዘገባል። በእሷ ቋንቋ ግን አንድን ሰው ልበ ሰፊ ካሉት ሌላ ምን ይሉታል? ትዕግሥተኛ፣ ቻይ፣ ነገር አሳላፊ። ደግሞም ሰፊው ራሱ! ሙያውም ሰፊ፣ ስሙም ሰፊ፣ ልቡም ሰፊ፤ ለዚያ ምስኪን ሐኪም ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ምን እንደሚሠራ እንዴት ይታወቀው? አባቷ ይህን ምስጋና ይዞ ሰፈሩን ዞሮታል። ጸጉር አስተካካዩ ጋ ተናግሮታል፣ ልቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተናግሮታል። ወንድሟ ሊያስረዳው ቢሞክር «ሐኪም ያመሰገነውን ልብ አንተ ልታቃናው ነው?» ብሎ አባረረው። አሁን ይህን ምስጋና ከእጁ መንጠቅ ያለባት እሷ ናት፤ ካልነጠቀችው አባቷ እየሳቀ ይሞታል። ይህን ስታስብ አለቀሰች፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣ እዚያው ሰው ፊት፣ ማንም ቀና ብሎ ያያት የለም።

ሰውን ልቡን ማስረዳት ቀላል ይመስላል። ለባዕድ በየቀኑ ሥዕል እያሳየች ታስረዳለች፣ ለአባቷ ግን ሥዕሉ ካፖርት ካልሆነ እንደማይገባው ታውቃለች፣ ስለዚህ በዕረፍት ቀኗ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ደወለች። አሁንም እዚያው አልጋ ላይ ናት፣ ንግግሩ ቃል በቃል ይመጣላታል፣ የትኛው የዛሬ የትኛው የያኔ እንደሆነ እየተምታታባት።

«አባባ፣ ልብ ቀኝና ግራ አለው፤ መሃሉ የጋራ ግድግዳ ነው። ከላይ በቀኝ በኩል ‹ምታ› ብሎ ትእዛዝ የሚሰጥ ነገር አለ። ትእዛዙ ወርዶ መሃል ላይ አንዲት በር ጋ ትንሽ ይቆማል፣ ላይኞቹ ክፍሎች ደማቸውን እስኪያወርዱ። ከዚያ በአንድ ግንድ ግድግዳው ውስጥ ይገባና ለሁለት ይከፈላል፤ ቀኝ ቅርንጫፍ ለቀኝ፣ ግራ ቅርንጫፍ ለግራ። አንተ ጋ ግራው ተቋርጧል።»

«ከተቋረጠ በምኑ ይመታል?»

«ከቀኝ በኩል በሥጋው ውስጥ እየዳኸ ይደርሰዋል፤ ግን ዘግይቶ። ቀኙ ጨርሶ ሊያርፍ ሲል ግራው ገና ይጀምራል። እንዲህ ሲጓተት ሲጓተት ግራው ላላ። ሐኪሙ ሰፍቷል ያለህ እሱን ነው።»

ከጀርባው የእናቷ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማል።

«እና፣ አላመሰገነኝም?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች። አሁንም ከላይ ያለው ማሽን ያጓራል፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ያች ጥያቄ ስንት ጊዜ ቀስቅሳታለች።

«አባባ፣ አንተ ልበ ሰፊ ነህ። ልብህ ደግሞ ሰፍቷል። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።»

«ለየቅል ናቸው» አለ ቀስ ብሎ፣ ልኩን እንደሚደግም ሰው። ከዚያ ሥራ ያየ ባለሙያ ሆነ። «እሺ፣ ምን ታደርጉታላችሁ?» አላት፤ ታደርጉታላችሁ ማለቱን ልብ አለች፣ እናንተ ማለቱን፣ እሷን ከሐኪሞቹ ጋር መደመሩን። ነገረችው። ሐኪሙ ባትሪ ያለው ደረት ላይ ቆዳ ሥር የሚቀበር፣ በሽቦ ልብን የሚቀሰቅስ ትንሽ ማሽን ነው። ድሮ ሽቦው ቀኝ ክፍል ታችኛው ጫፍ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ልብ ይመታል፣ ግን ግራው ያው ዘግይቶ ነው የሚሰማው። አሁን ግን ከቀኝ በኩል ግድግዳው ውስጥ እያዞሩ ያስገቡታል፣ እየሰረሰረ ሄዶ ግራው ፊት ሊደርስ ሲል ይቆማል። ልብም እንደ ካፖርት ከውስጥ ስስ ገበር አለው፤ ግራው ቅርንጫፍ እዚያ ነው፣ ልክ ገበሩ ሥር፣ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ። ከተቋረጠበት በታች ይይዙትና ትእዛዙ በገዛ መንገዱ ይሄዳል፤ ማሽኑ የሚሠራው መቀስቀስ ብቻ ነው፣ መንገዱ የራስህ ነው አለችው።

«ገበሩን ሳይበሳ?»

«ሳይበሳ።»

«ስስ ነው?»

«ስስ ነው አባባ።»

መርፌ በከንፈሩ የያዘ ይመስል በጥርሱ መሃል ጠየቃት። «ሽቦውን የሚያዞረው ሰውዬ ዓይኑ እጁ ላይ ነው። የት ጋ እንደሚቆም ማን ይነግረዋል?»

«እዚህ እኛ ጋ፣ እኔ ነኝ።»

እንዴት እንደምታውቅም ነገረችው። ስክሪኑ ላይ የምቱ መስመር ታችኛው ጫፉ ላይ ትንሽ ጥርስ አለችው፤ ሽቦው ግድግዳው ውስጥ እየጠለቀ ሲሄድ ያች ጥርስ እየተንሸራተተች ወደ መጨረሻው ትጠጋለች፣ ትወጣለች። በጎን የምትነበብ ቁጥር አለች፤ ቀስ ብላ ከወረደች ደህና፣ ድንገት ከወደቀች ሽቦው አልፎ ወጥቷል ማለት ነው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ፤ ስክሪኑን ሁሉም ሰው ያየዋል፣ ጥርሷን ግን የሚጠብቃት አንድ ሰው ነው።

የ«በቃ»ንም ነገር የነገረችው ያኔ ነው። በእሷ መሥሪያ ቤት ሁሉ ነገር በሥርዓት ነው፤ በር በካርድ ይከፈታል፣ ቃል በ«እባክዎ» ይጀመራል፣ ሰው ለሰው ሲናገር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። እሷም ስትቀጠር ሰሞን «እባክዎ፣ ቢያቆሙ ይሻላል ብዬ አስባለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር አጥንታ ይዛ ነበር፣ መስታወት ፊት ቆማ ተለማምዳው። አንድ ቀን ጥርሷ ጫፍ ደረሰች፣ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ፣ የሐኪሙ ጣት ገና ይዞራል፤ ያ ዓረፍተ ነገር ብን ብሎ ጠፋባት። «በቃ!» አለች። እንደ እናቷ፣ ጮክ ብላ። የሐኪሙ እጅ ባለበት ደረቀ፣ ክፍሉ ጸጥ አለ፣ እሷ ዛሬ ተባረርኩ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ሥራው ሲያልቅ ሐኪሙ መጥቶ ያ ቃል ምን ማለት ነው አላት፤ አቁም ማለት ነው፣ ይበቃል ማለት ነው፣ ደረሰልህ ማለትም ነው አለችው። «የእኛ ቋንቋ ለዚህ ሦስት ቃል ይፈልጋል» አለ ሰውዬው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ክፍል ሽቦ የሚቆመው በ«በቃ» ነው። ነርሷ ትለዋለች፣ የራጅ ባለሙያው በተኮላተፈ አፉ ይለዋል፤ አዲስ የመጣ ተለማማጅ ሐኪም ላቲን መስሎት መዝገበ ቃላት ሲያገላብጥ ያዘችው፣ ሰነባብታም አላረመችው። ተንኮሏን እግዜር ይይላት።

አባቷ ይህን ሲሰማ ሳቁ ስልኩን አነቀው። ከጀርባ እናቷ፣ «በሰው ልብ ላይ በቃ ይባላል እንዴ? አታሟርቱ እናንተ!» አለች። «ዝም በይ፣ ሙያ ነው» አላት። ከዚያ ሳቁን ጨርሶ፣ «እሺ፣ እገባለሁ። በቃ የምትይው አንቺ ከሆንሽ» አለ።

እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ትገላበጣለች። አሁንም ተገላበጠች፣ ስልኩ ከደረቷ ተንሸራትቶ ፍራሹና ግድግዳው መሃል ሊገባ ሲል ያዘችው፣ አየችው፣ ምንም የለም። የመኖሪያ ፈቃዷ እድሳት ላይ ነው፤ ከወጣች መመለሻ የላትም፣ እድሳቱን ስትጠይቅ ደግሞ የሚመልስላት ማሽን ነው፣ ለዚህ አንድን ይጫኑ፣ ለዚያ ሁለትን ይጫኑ፣ ለታመመ አባት የሚጫኑት ቁጥር የለም። ወንድሟ በሹክሹክታ «እሺ በይው በቃ፣ ፊቱን በጨርቅ ስለሚጋርዱት አንቺ ትኑሪ አትኑሪ አያውቅም» ብሏት ነበር። አባቷን በጨርቅ ልታታልል፣ ሰፊውን! አልቻለችም።

«አልመጣም አባባ። መምጣት አልችልም።»

መልሱን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«ግን አገር ቤት በዚያ ወንበር የምትቀመጠውን ልጅ ደውዬ አነጋግሬያታለሁ። ‹ምን ብለሽ ነው የምታስቆሚው?› አልኳት። ‹በቃ ነዋ! ሌላ ምን ይባላል?› አለችኝ።»

«የማን ልጅ ናት?»

«አላውቅም።»

«አንቺስ፣ በቃ የምትይላቸው ሰዎች የማን ልጅ እንደሆንሽ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«እንግዲያው እነሱ አንቺን ካመኑ እኔም እሷን ማመን ነው። ሌላ ምን አለ?» አለና ስልኩን ለእናቷ ሰጣት። እሷ እዚህ ክፍል ውስጥ ብድግ ብላ ቆመች፣ የሚያያት ሰው ያለ ይመስል። እንዲህ ያለ አባት ነው ያላት። ይህን የሚያህል ሰው ነው ያሳደጋት፣ ማንም አያውቅላትም እንጂ።

አሁን የት ደርሰዋል? ሽቦው ከግራ ትከሻ አጥንት ሥር ባለው ደም ሥር ገብቷል፣ ታጥፎ ወርዷል፣ የላይኛውን ቀኝ ክፍል አልፏል፣ ታችኛው ክፍል ገብቷል፣ አሁን ግድግዳው ላይ ቦታ ይፈልጋሉ። እዚህ ጋ ይቸገራሉ፤ የሰፋ ልብ ግድግዳው ቦታውን ይለቃል፣ ሽቦው ይንሸራተታል፣ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ታገሺ ልጅ፣ አትቸኩይ፣ ጥርሷን እያት። ስሟን እንኳ አልጠየቀቻትም። ሽቦው አልፎ ቢወጣስ? ታውቃለች እኮ፣ ቢወጣ መልሰው ስበው ሌላ ቦታ ይተክሉታል፣ በፊቷ ተደርጎ ሰውየው በነጋታው በእግሩ ሄዷል፤ ይህን ለታማሚዎቹ ልጆች ሁሉ ነግራ አጽናንታለች፣ ለራሷ ስትነግረው ግን አይሠራም። ስልኩ ጮኸ፣ ዘላ አነሳችው፤ በራሱ የሚደውለው የመሥሪያ ቤቷ ማሽን ነው። ዛሬ ማታ ተጨማሪ ተረኛ ለመሆን ፈቃደኛ ከሆኑ «አዎ» ይበሉ። «አልችልም» አለችው። መልስዎ አልተሰማም፣ እባክዎ ይድገሙ። «አባቴ ልቡን እየተሠራ ነው!» አለችው በገዛ ቋንቋዋ። እናመሰግናለን፣ መልካም ቀን። ዘጋው። ማሽኑ እንኳ ያመሰግናል አለችና ብቻዋን ሳቀች፣ ሳቁም ወደ ልቅሶ ዳር ዳር ሲል ስልኩ እንደገና ጮኸ።

ወንድሟ ነው። «አባባ ወጣ» አለ። ደህና ነው ወይ ማለት ነበረባት፣ የሰው ወግ እንደዚያ ነው፤ እሷ ግን «የኢሲጂውን፣ የልብ ምቱን ወረቀት አንሥተህ ላክልኝ፣ አሁኑኑ!» አለችው። ላከ። ፎቶው ጠመም ብሏል። አጉልታ አየችው፣ የበፊቱን አጠገቡ አደረገችው፣ በአውራ ጣቷ ጥፍር ለካች፣ እንደገና ለካች። ያ የተንዘረጠጠ፣ የሰነፍ ኮረብታ የሚመስል ምት ሄዷል፤ በቦታው ቀጥ ያለ፣ ጠባብ፣ ንጹሕ ምት ቆሟል፣ ቀኝና ግራ አንድ ላይ። ይዛዋለች! ያች ስሟን የማታውቃት ልጅ በልኩ፣ በገዛ ቦታው፣ ገበሩ ሥር አስቁማዋለች። እልል ልትል አፏን ከፍታ ጎረቤቱ ትዝ አላት፤ ከዚያ ምን አገባኝ ብላ እልልታውን አቀለጠችው። ከላይ ማሽኑ ቀጥ አለ።

«ምን ሆናችሁ ነው የምትጮኹት?» ይላል አባቷ። ስልኩን ከወንድሟ ነጥቆ ነው፣ ድምፁ ወፍሯል፣ ግን የራሱ ነው። «ስሚ፣ እዚያ ውስጥ ‹ጠበበ! ጠበበ!› ብለው ተጨባበጡ። ልበ ጠባብ አደረጉኝ እንዴ?»

«ምቱ ነው የጠበበው አባባ፣ ምቱ። ልብህ ግን ገና ቀስ እያለ ነው የሚሰበሰበው።»

«እሱስ ይሁን። ያች ልጅ መጥታ ጨበጠችኝ። የአንቺ እኩያ ናት። ልጄም እንዳንቺው ናት አልኳት። አልኳት ደግሞ፣ በሰው አገር ሐኪሞቹን በእኛ ቋንቋ ነው የምታዛቸው። አላመነችኝም፣ ነርሷም አላመነችኝም፣ ስትመጪ ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ። አሁን ደግሞ ይሄ ያለበሱኝ ጋዎን፣ እንዲህ ያለ ስፌት አይቼ አላውቅም፣ እጅጌው ወዲህ አንገትጌው ወዲያ፤ ሰፊያቸው ማነው ብላቸው...»

ከድምፁ ጀርባ፣ ራስጌው ላይ ካለው ማሽን፣ ቀጭን ድምፅ አለ። ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ይህን ድምፅ ማንም አይሰማውም፣ እንደ ሰዓት ነው፣ የሚሰማው ሲቋረጥ ብቻ ነው። እሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ትንፋሿን ይዛ አዳመጠችው። እኩል ነው። አንዱም አልዘገየም፣ አንዱም አልቸኮለም። አባቷ ስለ አንገትጌው ያወራል፣ ስለ ቁልፉ ቀዳዳ ያወራል፣ ከቃሉ አንድም አልገባትም።

«አንቺ ልጅ! እየሰማሽኝ ነው?»

«እየሰማሁህ ነው አባባ» አለች።